የኮሌስትሮል ኪኒን ነው አባቴን ድብርት ውስጥ የከተታቸው? ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከአራት ወር በፊት ሃርት አታክ አጋጥሟቸው ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ክፍት አርጎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገባላቸው። አሁን አቶርቫስታቲን 80፣ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬልና ሜቶፕሮሎል ይወስዳሉ። ኤል ዲ ኤላቸው (መጥፎው ኮሌስትሮል) 162 ነበር አሁን 54 ሆኗል፣ ሐኪማቸውም በጣም ጥሩ ነው ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ሌላ ሰው ሆነዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው ቁጭ ይላሉ፣ ምግብ አያሰኛቸውም፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንኳ መጫወት ትተዋል። ወንድሜ ኮሌስትሮል በጣም ሲወርድ ጭንቅላት ይጎዳል፣ ድብርት ያመጣል፣ ሰው ራሱን እስከማጥፋት ይደርሳል የሚል ነገር አንብቦ ስታቲኑን (የኮሌስትሮል ኪኒኑን፣ አቶርቫስታቲኑን) እናስቁማቸው እያለ ነው። ምን እናርግ?»

እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድምልሽና ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ። ስታቲኑን አታስቁሙ። አስፕሪኑንና ክሎፒዶግሬሉንማ በፍጹም፣ ስቴንቱ ከገባ ገና አራት ወሩ ነው፣ እነዚህን በራስ ውሳኔ ማቆም ስቴንቱ ድንገት በረጋ ደም እንዲዘጋ ሊያረግ ይችላል። ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህ አያንስም፦ የአባትሽ ሁኔታ «ታመው ስለነበር ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ሚተው አይደለም። እንቅልፍ ሄደ፣ ምግብ ሄደ፣ ደስ ይላቸው የነበረው ነገር ሄደ፣ ይሄ ድብርት ይመስላል፣ ድብርት ከሆነ ደሞ እንደ ኤል ዲ ኤሉ ሁሉ የልባቸው ጉዳይ ነው። ወንድምሽ የሆነ ችግር እንዳለ ማየቱ ልክ ነው፣ ጥፋተኛ ያረገው ግን ጥፋት የሌለበትን ነው።

ደሞ አትቆጪው፣ ያነበበው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም፣ የኛው ሙያ ሰዎች ራሳቸው ዓመታት የተከራከሩበት ነገር ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፍልሽ)። ስታቲን ገና ሳይስፋፋ ኮሌስትሮልን በምግብና በድሮዎቹ መድኃኒቶች ለመቀነስ የተሞከሩ ትልልቅ ጥናቶች ነበሩ፣ በ1990 እነሱን ባንድ ላይ ደምሮ ያየ ጽሑፍ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ወጣና ሁሉንም ሰው ግራ አጋባ። ኮሌስትሮላቸው የተቀነሰላቸው ሰዎች በልብ በሽታ መሞታቸው ቀንሷል፣ በጠቅላላ የሞተው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም፣ ለምን ቢባል በአደጋ፣ በጠብና ራስን በማጥፋት የሞቱት በዛ ብለው ተገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ መላምት ወጣ፣ ደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሲወርድ የነርቭ ሴሎች ሽፋን ላይ ያለውም ይቀንሳል፣ ሴሮቶኒንም (ስሜትን የሚመራ የአንጎል ኬሚካል) እንደልቡ መስራት ያቅተዋል፣ ሰውየው ስሜቱን መቆጣጠር ይሳነዋል የሚል። ሲሰሙት ያሳምናል። ወንድምሽ ያነበበው ከዛ ዘመን የተረፈ ነው።

ከዛስ? በ1994 ስካንዲኔቪያ ውስጥ 4444 የልብ ሕመምተኞች የተሳተፉበት የሲምቫስታቲን ጥናት ውጤቱን አወጣ፣ በጠቅላላ ሞት 30 በመቶ ቀነሰ፣ ራስን ማጥፋትም በአደጋ መሞትም አልጨመረም። እዛ የነበሩት ሰዎች ኤል ዲ ኤል እንደ አባትሽ ዝቅ አላለም ብለሽ ልትከራከሪኝ ትችያለሽ፣ ትክክል ነሽ፣ ስለዚህ 2017ን እይ። ኢቮሎኩማብ የሚባለው መርፌ የተሞከረው 27,564 ሰዎች ላይ ነው፣ መርፌውን ያገኙት ላይ ኤል ዲ ኤል ወደ 30 ገደማ ወረደ፣ የአባትሽ 54 እዛ ቢሄድ ከፍ ያለ ነው ሚባለው። ከነሱ ውስጥ 2000 የሚጠጉት የማስታወስና የማሰብ ፈተና እየተሰጣቸው ተከታተሏቸው፣ መርፌውን በወሰዱትና ባልወሰዱት መሀል ልዩነት አልተገኘም። ፈተናው ስለ ስሜት አይደለም፣ እሱን አልደብቅሽም፣ «ጭንቅላት ይጎዳል» ለሚለው ግን ቀጥተኛ መልስ ነው።

ለምን እንደማይጎዳም ግልጽ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከሰውነት ኮሌስትሮል አንድ አምስተኛውን ያህል እሱ ነው የያዘው፣ ግን ከደም አይወስድም። በደምና በአንጎል መሀል ያለው አጥር ኤል ዲ ኤልን አያሳልፍም፣ አንጎል የሚያስፈልገውን ኮሌስትሮል እዛው ራሱ ይሰራል። ላብራቶሪ ወረቀት ላይ የምታይው 54 የደም ቁጥር እንጂ የአንጎል ቁጥር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚስተው። ድብርት ያለበት ሰው አይበላም፣ ይከሳል፣ ሲከሳ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። ካንሰር፣ የጉበት በሽታ፣ ከባድ መጠጥም ኮሌስትሮል ያወርዳሉ፣ ስሜትንም ያወርዳሉ። ስለዚህ «ዝቅተኛ ኮሌስትሮል ያላቸው ሰዎች ድብርት ይበዛባቸዋል» የሚል ጥናት ስታነቢ የቱ ቀደመ ብለሽ ጠይቂ፣ አብዛኛው ጊዜ ጥናቱ ሁለቱን የለካው ባንድ ቀን ነው፣ ባንድ ቀን የተለካ ነገር ደሞ የቱ የቱን እንዳመጣው አይነግርሽም።

ይህን ስል ግን ስታቲን ምንም አያረግም እያልኩ አይደለም። የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የእንቅልፍ መረበሽ፣ ቅዠት፣ የስሜት መውረድ ተጽፏል፣ አንዳንድ ሰው ከጀመረ ወዲህ እንቅልፌ ተበላሸ ብሎ ይመጣል፣ አምነዋለሁ፣ ወደ ሮሱቫስታቲን ወይም ፕራቫስታቲን እንቀይራለን፣ በቃ። ግን በ2020 የወጣውን የእንግሊዞቹን ጥናት ልንገርሽ፣ በጣም ነው ምወደው። 60 ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ስታቲን ጎዳን ብለው ያቆሙ። ለያንዳንዳቸው ለዓመቱ 12 ጠርሙስ ተሰጣቸው፣ አራቱ ውስጥ አቶርቫስታቲን፣ አራቱ ውስጥ ምንም መድኃኒት የሌለው ማስመሰያ ኪኒን፣ አራቱ ባዶ፣ የትኛው ኪኒን የቱ እንደሆነ አያውቁም፣ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚያማቸው ከ0 እስከ 100 ስልካቸው ላይ ይሞላሉ። ባዶው ጠርሙስ ወር ላይ አማካዩ 8 ነበር። ስታቲን ወር ላይ 16.3። ማስመሰያው ወር ላይ ስንት መሰለሽ? 15.4። ሕመሙ ውሸት አልነበረም፣ በትክክል ተሰምቷቸዋል፣ ግን አብዛኛውን ያመጣው ኪኒን መዋጡ ራሱ፣ ይጎዳኛል ብሎ መጠበቁ ነበር። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ግማሽ ያህሉ ስታቲኑን ተመልሰው ጀመሩ። አባትሽ ደሞ አሁን ወንድምሽ በየቀኑ አጠገባቸው ሆኖ «ይሄ ኪኒን ነው የሚጎዳህ» ሲላቸው እየዋሉ ነው፣ ቢያንስ እሱን ያቁምላቸው።

አሁን ወደ ዋናው። ከሃርት አታክ በኋላ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ከባድ ድብርት ይይዘዋል፣ ቀለል ያለውን ስትጨምሪ ከዛም ይበዛል። በ1993 ሞንትሪያል ላይ 222 ሃርት አታክ የያዛቸውን ሰዎች ተከታትለው፣ ሆስፒታል እያሉ ድብርት የነበረባቸው በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ አራት እጥፍ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፣ የልቡ የጉዳት መጠን ታስቦ እንኳ። ከዛ በኋላ የመጡት ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ አርገውታል፣ አቅጣጫውን ግን አልቀየሩትም፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2014 ድብርትን ከሃርት አታክ በኋላ ነገሮችን ከሚያከፉት ጋር ይመደብ ብሏል።

እንዴት ነው ሐዘን ልብ የሚጎዳው? ብዙ መንገድ አለው። የጭንቀት ሆርሞን ኮርቲሶል ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ሆድ አካባቢ ስብ ይሰበሰባል፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) ይጨምራል፣ ጥሩው ኤች ዲ ኤል ይወርዳል። ይሄን አስተውይ፣ ድብርት በብዛት ሚነካው ትራይግሊሰራይዱንና ኤች ዲ ኤሉን ነው፣ ኤል ዲ ኤል ብቻ የሚያይ ሰው «ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል። የልብ ምት እንደ ሁኔታው ፈጠን ዘግየት የማለት ችሎታው ይቀንሳል፣ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያረጉ ትንንሽ የደም ሴሎች) ቶሎ ለመጣበቅ ይዘጋጃሉ፣ ሰውነት ውስጥ ትንሽ ትንሽ እብጠት፣ ማለት ኢንፍላሜሽን፣ ይቆያል። ይሄ ሁሉ ግን ለኔ ሁለተኛ ነው። አንደኛው የሰውየው ውሎ ነው። በ2008 ከሳን ፍራንሲስኮ የወጣ የ1017 የልብ ሕመምተኞች ጥናት አለ፣ ድብርት ያለባቸው የልብ ችግር በዝቶባቸዋል፣ እሺ፣ ግን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ፣ ማጨሳቸው፣ መድኃኒት በአግባቡ መውሰዳቸው ሲታሰብ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ትልቁን ድርሻ የያዘውም አለመንቀሳቀስ ነው። ማለትም ድብርት አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ሰውየውን ከወንበር እንዳይነሳ፣ ኪኒኑን እንዲረሳ፣ ቀጠሮውን እንዲተው በማረግ ነው። የአባትሽን የኪኒን ማሸጊያ ገልብጠሽ ቁጠሪው፣ የሚወስዱ ይመስልሻል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያልተነካ ኪኒን ይገኛል።

ድብርት ነው ብለን ከመጨረሳችን በፊት ግን ማጣራት ያለብን አለ። አንደኛ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው ቁጭ ይላሉ ያልሽው ነገር ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ጠይቂያቸው፣ የሚነሱት ሐሳብ አላስተኛ ብሏቸው ነው ወይስ ትንፋሽ አጥሯቸው? ሲተኙ ሚያፍናቸው፣ ቁጭ ሲሉ ወይም መስኮት ከፍተው ሲቆሙ ሚቀላቸው ከሆነ፣ ትራስ ከጨመሩ፣ እግራቸው ካበጠ፣ ይሄ የልብ ድካም ሊሆን ይችላል፣ ማለት ልቡ ደም መግፋት እያቃተው ነው፣ ቀጠሮ ሚጠበቅበት ነገር አይደለም፣ በማግስቱ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ደሞ ይደክመዋል፣ ምግብ አያሰኘውም፣ ከሰው ይርቃል፣ ቤተሰብ «ተቆጣ፣ ተቀየመን» ይላል። ሐሳብ ከሆነ፣ ማለትም ዓይናቸው ተገልጦ ያለፈውን እያነሱ ሚጥሉ ከሆነ፣ ማለዳ ሳይደርስ መንቃት የድብርት ዋና ምልክት ነው።

ሁለተኛ ታይሮይድ። ይሄን ማንም ሳይረሳ ቢያዘው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ስትደክም ኮሌስትሮልም ይጨምራል፣ ስሜትም ይወርዳል፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ታመጣለች። ጉበት ኤል ዲ ኤልን ከደም ለማንሳት የታይሮይድ ሆርሞን ይፈልጋል፣ ሆርሞኑ ሲያንስ ኤል ዲ ኤል ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሰውየው ይቀዘቅዘዋል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቅበታል፣ ይከብደዋል፣ ይደብተዋል። ሰው አንድ ጋ ሄዶ ስታቲን ይሰጠዋል፣ ሌላ ጋ ሄዶ የድብርት መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ሁለቱም ሐኪም ሌላኛውን አላየም። ከዛም ብሶ ታይሮይዱ ደክሞ ስታቲን የሚወስድ ሰው ጡንቻው ቶሎ ይታመማል። የአባትሽ ኤል ዲ ኤል ጥሩ ስለወረደ ሊሆን የሚችለው ዕድል ትንሽ ነው፣ ግን ቲ ኤስ ኤች ሚባለው አንድ የደም ምርመራ ነው፣ ይታይ። ሄሞግሎቢንም (የደም ማነስ ምርመራው) አብሮ ይታይ፣ ሁለት ደም ማቅጠኛ ላይ ያለ ሰው ሳያውቀው ከጨጓራው ሊደማ ይችላል። ኃይለኛ ማንኮራፋትና ቀን ቀን ማንቀላፋት ካለ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥም ይታሰብ።

ሜቶፕሮሎሉን ሰው ሁሉ ይጠረጥረዋል፣ ድሮ ቤታ ብሎከር (ሜቶፕሮሎል ያለበት የመድኃኒት ቡድን) ድብርት ያመጣል ይባል ነበር፣ በ2002 ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ድብርት ሲያመጣ አልተገኘም፣ ትንሽ ድካም ያመጣል። ተዉት።

ድብርቱን ለመለካት ፒ ኤች ኪው ዘጠኝ የሚባል መጠይቅ አለ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰማህ እያለ ከ0 እስከ 3 ያሰጣል፣ ከፍተኛው ድምር 27 ነው፣ 10 እና ከዛ በላይ ከሆነ ባለሙያ ይየው። ዘጠነኛው ጥያቄ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ አለ ወይ የሚለው ነው፣ ቤተሰብ እሱን ማንሳት ይፈራል፣ ብጠይቃቸው ሐሳቡን እሰጣቸዋለሁ ብሎ። አትሰጫቸውም። በአክብሮት ብቻቸውን ስትሆኑ «አባዬ፣ መኖር ሚያስጠላህ ጊዜ አለ ወይ» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ አንተም እርስዎም የለመዳችሁትን። አዎ ካሉና በተለይ እንዴት ብለው ካሰቡበት ብቻቸውን አትተዋቸው፣ መድኃኒቶቹን አንቺ ያዥ፣ ሜቶፕሮሎል በብዛት ከተወሰደ ልብ ያቆማል፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

መድኃኒቱ ላይ ስንመጣ ለልብ ሕመምተኛ በደንብ የተጠናው ሰርትራሊን ነው፣ በ2002 በ369 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ልብ ላይ ጉዳት እንደሌለው አሳየ። ዕድሜ ያራዝማል ወይ ካልሽኝ፣ በ2003 የወጣው የ2481 ሰዎች ጥናት በንግግር ሕክምና ድብርቱን አሻሽሎ ሞቱን ግን ሳይቀንስ ቀርቷል፣ በ2018 ደሞ ከኮሪያ 300 ሰዎች ላይ በተደረገው ኤስሲታሎፕራም ለስድስት ወር ገደማ የወሰዱት ላይ ስምንት ዓመት አካባቢ ቆይቶ ሲታይ የልብ ችግሩ ቀንሶ ተገኝቷል። እኔ ድብርት የማክመው ግን ዕድሜ ለማስረዘም ብቻ አይደለም፣ አባትሽ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ ማረግ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው።

ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ የምታነሻቸው ነገሮች አሉ። አሚትሪፕቲሊንና መሰሎቹ የድሮ መድኃኒቶች ከሃርት አታክ በኋላ አይመከሩም፣ የልብ ምት ያዛባሉ። ሲታሎፕራም ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም፣ እሱም ከምት ጋር የተያያዘ ነው። ፍሉኦክሰቲንና ፍሉቮክሳሚን ክሎፒዶግሬሉ ጉበት ውስጥ ወደሚሰራበት መልኩ እንዳይቀየር ሊያግዱት ይችላሉ፣ ስለዚህ ለአባትሽ ምርጫ አይደሉም። ሰርትራሊንም ቢሆን ከአስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ጋር ሲደመር መድማትን ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜ የጨጓራ መከላከያ አብሮ ይታዘዛል፣ ያ መከላከያ ግን ኦሜፕራዞል ባይሆን ይመረጣል፣ ክሎፒዶግሬሉን ስለሚያደክም፣ ፓንቶፕራዞል ይሻላል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወዲያው ይነገር። ከዚህ ሁሉ በፊት ደሞ አባትሽ ድሮ ያለ ምክንያት ለሳምንት ያህል ሳይተኙ ሳይደክሙ፣ ብዙ እያወሩ፣ ገንዘብ እየበተኑ የከረሙበት ጊዜ ካለ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ባይፖላር ከሆነ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል፣ ለባይፖላር ሚሰጡት ኦላንዛፒንና ኩዌታፒን ደሞ ክብደትና ትራይግሊሰራይድ ይጨምራሉ፣ እነሱ ከታዘዙ የደም ቅባቱና ስኳሩ በየጊዜው ይታያል።

ወንድምሽ የዓሣ ዘይት እንስጣቸው ማለቱ አይቀርም፣ ብዙ ሰው እዛ ነው ሚያርፈው። በ2021 ከ18,000 በላይ ሰዎች ላይ ታይቶ ኦሜጋ 3 ድብርት አልተከላከለም። ገንዘባችሁን አታውጡበት። ይልቅ እሱ መርዳት ከፈለገ በየቀኑ ይዟቸው ይውጣ፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ደረታቸውን ካላመማቸውና ትንፋሽ ካላጠራቸው በየሳምንቱ እየጨመረ፣ ሐኪማቸውን ጠይቆ። ለልብም ለድብርትም ባንድ ጊዜ የሚሰራ ነገር ይሄ ነው፣ ብቻቸውን ውጡ ቢባሉ ደሞ አይወጡም፣ ድብርት ያለበትን ሰው «ተነስ ተንቀሳቀስ» ማለት ብቻ ዋጋ የለውም፣ ጫማውን ይዞ በር ላይ ሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ሰርትራሊን ከተጀመረ የመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ ትንሽ መረበሽ ይኖራል፣ ጥቅሙ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ «አልሰራም» ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ ደሞ ሲሻለው በሁለተኛው ወር ያቆመዋል፣ ከዳኑ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። ቀጠሮ ስትሄጂ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የሐኪም ያልሆነውንም ጭምር፣ በከረጢት አርገሽ ያዢ፣ የልቡም ሐኪም የአእምሮውም ሐኪም ያንኑ ከረጢት ይዩት።